የአርክቲክን ውቅያኖስ ከላፕቶፕ ማንበብ፦ መጀመሪያ ጨዋማነቱን እዩ

ኤክሴል ከፍቶ ግራፍ መሳል የሚችል ሰው በአንድ ከሰአት የአርክቲክ ውቅያኖስን ሆድ ዕቃ ማየት ይችላል፣ ቀልዴን አይደለም። ዳታው ነጻ ነው፣ ፋይሉም የሶስት ኮለም ቁጥር ነው፦ ግፊት፣ ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ በቃ። የሚያስቸግረው ቁጥሩን ማግኘት ሳይሆን ግራፉ ፊታችሁ ሲመጣ ምን እያለ እንደሆነ ማወቁ ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። ኖርዌይ ለማስተርስ ስመጣ ያየሁት ትልቁ ውሃ ላንጋኖ ነበር፣ ስለ ባህር የማውቀው ነገር ቢኖር ጨው እንዳለው ብቻ ነው፣ እና የሚገርመው ለዋልታ ባህር ከምንም በላይ የሚያስፈልገው እውቀት እሱው ሆኖ አረፈው።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ሰሜን ዋልታ በረዶው ስር ሙቅ ውሃ አለ። ሙቅ ስል ሻወር አይደለም፣ ከዜሮ በላይ አንድ ዲግሪ፣ አንዳንድ ቦታ ሁለትና ሶስት፣ ግን ከላዩ ያለው ውሃ -1.7 ሆኖ 250 ሜትር ስትወርዱ ፕላስ 1 ስታገኙ ያስደነግጣል። ይሄን መጀመሪያ የለካው ኖርዌጂያዊው ፍሪድቾፍ ናንሰን ነው፣ ከ1893 እስከ 1896 (እዚህ የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) ፍራም የምትባል መርከቡን ሆን ብሎ በረዶ ውስጥ አስይዞ ከበረዶው ጋር እየተንሳፈፈ ቴርሞሜትር ወደታች ሲሰድ። ሙቀቱ የሚመጣው ከአትላንቲክ ነው፣ በስቫልባርድና በግሪንላንድ መሃል ባለው የፍራም ሰርጥ እና በባረንትስ ባህር በኩል። ያ ሙቀት በሙሉ ወደላይ ቢወጣ የአርክቲክን በረዶ አቅልጦ ይተርፈዋል፣ ቆይተን በቁጥር እናሰላዋለን። ታዲያ ለምን አይወጣም? አክንባሎ ስላለው ነው። አክንባሎው ደግሞ ከጨው የተሰራ ነው። ፕሮፋይል (ከላይ እስከታች በየጥልቀቱ የተለካ ሙቀትና ጨዋማነት) ማንበብ ማለት ያንን ክዳን መፈለግ፣ ውፍረቱን ማየት፣ ከዛ እየሳሳ ነው ወይስ እየጠነከረ ነው ብሎ መጠየቅ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ የሚመጣ ነው።

ዳታው ከየት ይመጣል

ለጀማሪ የምመክረው በረዶ ላይ የሚተከለውን መሳሪያ ነው፣ ዉድስ ሆል የሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስ ምርምር ተቋም ከ2004 ጀምሮ እየተከለ ያለው፣ እስካሁን ከ100 በላይ ተተክሏል። አሰራሩ ቀላል ነው፦ በረዶውን ይበሱና ብዙ ጊዜ እስከ 800 ሜትር የሚደርስ ሽቦ ያወርዳሉ፣ ጫፉ ላይ ከባድ ነገር ይታሰራል፣ ከላይ በረዶው ላይ ቢጫ ተንሳፋፊ ይቀመጣል፣ መለኪያው ሽቦውን ይዞ እንደ ሊፍት ይወጣል ይወርዳል፣ በሰከንድ 25 ሳንቲሜትር ገደማ። የለካውን በሽቦው በኩል ለተንሳፋፊው ያቀብላል፣ እሱ ደግሞ በኢሪዲየም ሳተላይት ወደ ቤት ይልካል። ሰው የለም፣ መርከብ የለም፣ ጨለማው ስድስት ወር ይሁን አይሁን ግድ የለውም።

አርጎ የሚባለውም አለ፣ በዓለም ውቅያኖስ ሁሉ ወደ 4000 የሚጠጉ ተንሳፋፊዎች፣ 1000 ሜትር ላይ ተኝተው ይከርሙና በየ10 ቀኑ ወደ 2000 ወርደው እየለኩ ይወጣሉ። እሱ ግን ዳታውን ለመላክ ጭንቅላቱን ከውሃ ማውጣት አለበት፣ በረዶ ካለ ይጋጫል። ስለዚ ለዋልታ ባህር የሚላኩት አንድ ብልሃት ተጭኖላቸዋል፦ ወደ ላይ ሲቃረብ ውሃው በረዶ ወደሚሆንበት ሙቀት ከተጠጋ ‘ከላዬ በረዶ ሊኖር ይችላል’ ብሎ ይመለሳል፣ ዳታውን በሆዱ ይዞ ይቆይና ክፍት ውሃ ሲያገኝ ይልካል። ደቡብ ዋልታ ዙሪያ ብዙ የክረምት ዳታ ያገኘነው በዚህ ነው። ለዛሬው ግን በረዶ ላይ የተተከለውን እንያዝ።

ፋይሉን ስታወርዱ ቴክስት ነው፣ ማንኛውም ነገር ይከፍተዋል። ከላይ ያለው መስመር የመሳሪያውን ቁጥር፣ ዓመቱን፣ የዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ፣ ከዛ ቦታውን ይነግራችኋል፣ እና ልብ በሉ ኬንትሮሱ ነው ከኬክሮሱ የሚቀድመው፣ ምዕራብ ደግሞ በማይነስ ነው። እኔ ገልብጬ አስገብቼ መሳሪያዬን በካርታው ላይ ያልሆነ ቦታ አግኝቼው አውቃለሁ። ከዛ በታች ቁጥሮቹ ናቸው። ግፊቱ በዴሲባር ነው፣ አንድ ዴሲባር አንድ ሜትር ነው ብላችሁ ያዙት፣ ለኛ ስራ በቂ ነው። ጨዋማነቱ ዩኒት የለውም፣ 35 ካለ በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ 35 ግራም ጨው ገደማ አለ ማለት ነው።

አሳሳሉ

ኤክሴል ላይ ሙቀቱን ወይ ጨዋማነቱን አግድም፣ ግፊቱን ቁልቁል አድርጉ፣ ከዛ የቁልቁሉን ዘንግ ገልብጡት፣ ዜሮ ከላይ 800 ከታች እንዲሆን። ባህር ነው፣ ወደታች ነው የሚነበበው። ሁለት ግራፍ ጎን ለጎን ሳሉ፣ አንዱ ላይ ሁለቱን አትደርቡ፣ መጀመሪያ ላይ ያምታታል። የጨዋማነቱን ዘንግ ከዜሮ አትጀምሩት፣ ከ26 እስከ 35 ይብቃው። ሙቀቱን ከ-2 እስከ 2።

ሌላ ሶስተኛ መስመር ጨምሩ፣ ይቺ ናት ብዙ ሰው የሚዘላት፦ በረዶ የሚሆንበት ሙቀት። ጨው ያለው ውሃ በዜሮ አይረጋም፣ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለማወቅ ጨዋማነቱን በ-0.055 አባዙት። 35 ከሆነ -1.9 ይሆናል፣ 30 ከሆነ -1.65። ጥቂት መቶኛ ዲግሪ ቢሳሳት ነው፣ ለዓይን ይበቃል። ይሄን መስመር ከሙቀቱ ጋር ስታስቀምጡት ወዲያው የምታዩት ነገር አለ፦ ከላይ ያለው ውሃ መስመሩ ላይ ተለጥፎ ይወርዳል ይወርዳል፣ ከሆነ ጥልቀት በኋላ ከመስመሩ ይላቀቅና ወደ ሙቀቱ ይሄዳል። ከመስመሩ የራቀበት ርቀት ነው በረዶ ማቅለጥ የሚችለው ሙቀት። ‘ዜሮ ዲግሪ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው’ አትበሉ፣ ለባህር በረዶ ዜሮ ዲግሪ ውሃ ምድጃ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ መለኪያው ሽቦው ላይ ስለሚሄድ እስከ በረዶው ሆድ ድረስ አይደርስም፣ የላይኞቹ ጥቂት ሜትሮች ዳታ ውስጥ የሉም። በጋ ላይ የቀለጠው ውሃ የሚተኛው ደግሞ እዛው ነው። ስለዚ ግራፋችሁ ከ7 ሜትር አካባቢ ሲጀምር ፋይሉ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደውሉልኝ።

ለምን ጨው? ለምን ሙቀት አይደለም?

ጁስ ቤት ስፕሪስ ስታዙ አቮካዶው ከታች ማንጎው ከመሃል እንጆሪው ከላይ ሆኖ ይመጣል፣ ካልበጠበጣችሁት አይቀላቀልም። ባህርም እንደዛ ነው፣ ከባዱ ከታች ቀላሉ ከላይ። ጥያቄው ውሃን ከባድ የሚያደርገው ምንድነው ነው። እንደ ቀይ ባህር ባለ ሞቃት ውሃ ከሆነ በአንድ ዲግሪ ስታቀዘቅዙት አንድ ሜትር ኪዩቡ ወደ 0.3 ኪሎ ይከብዳል። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለ የባህር ውሃ ግን በአንድ ዲግሪ ብታቀዘቅዙት 0.05 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው፣ ምንም ማለት አይደለም። ጨው ግን የትም ቦታ ጨው ነው፣ ጨዋማነቱ በ1 ሲጨምር 0.8 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። አካፍሉት፦ ዋልታ ላይ አንድ የጨው ቁጥር ወደ 15 ዲግሪ ሙቀት ያህል ይመዝናል። ለዛ ነው ሙቁ ውሃ ከታች ቀዝቃዛው ከላይ ሆኖ የሚቀመጠው፣ ሙቁ ጨዋማ ስለሆነ ከብዷል፣ ቀዝቃዛው ቀጭን (ጨው ያነሰው) ስለሆነ ተንሳፏል። ፊዚክስ አልተገለበጠም፣ ሙቀት ድምጹን አጥቶ ነው።

ሐይቅ ላይ እንዲህ አይደለም። ንጹህ ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው፣ ከዛ በታች ሲቀዘቅዝ ይቀልላል፣ ላዩ ላይ ሆኖ በረዶ ይሆናል። ጨዋማነቱ ከ24.7 በላይ የሆነ ውሃ ግን በረዶ እስኪሆን ድረስ እየከበደ ነው የሚሄደው። ስለዚ ክዳኑ ባይኖር ኖሮ ላይ የቀዘቀዘው ውሃ ይሰምጥ፣ ከታች ሙቁ ይተካ፣ እንደገና ይሰምጥ፣ በረዶ ለመስራት ያን ሁሉ ጥልቀት ማቀዝቀዝ ያስፈልግ ነበር። ክዳኑ ስላለ ግን ክረምት ማቀዝቀዝ ያለበት ከላይ ያለችውን ሃምሳ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ማለትም በረዶው ራሱ የክዳኑ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ክዳኑ ከየት ይመጣል ካላችሁ ከወንዝ ነው፣ የሳይቤሪያ ወንዞች፣ ሌና፣ የኒሴይ፣ ኦብ፣ ከካናዳ በኩል ማኬንዚ፣ ከዛ በቤሪንግ ሰርጥ የሚገባው የፓሲፊክ ውሃ እሱም ከአትላንቲኩ ቀጠን ያለ ነው፣ እና የበረዶ ቅላጭ። ክዳኑን የሚበጠብጠው ማንኪያ ደግሞ ነፋስ ነው፣ በረዶው ወፍራም ሲሆን ማንኪያውን ይይዘዋል፣ በረዶው ሲሳሳና ሲሰባበር ማንኪያው ይለቀቃል። በጎን አንድ ወሬ ልንገራችሁ፣ ናንሰን ሳይቤሪያ ዳርቻ ላይ ፍራም ድንገት የሆነ ነገር ከኋላዋ የያዛት ያህል መሄድ እምቢ ብላው ነበር፣ ማሽኑ በሙሉ ኃይል እየሰራ። ስዊድናዊው የውቅያኖስ ተመራማሪ ኤክማን በ1904 ምክንያቱን አስረዳ፦ ስስ ቀጭን ውሃ ጨዋማው ላይ ተኝቶ ሲገኝ የመርከቧ ጉልበት በሁለቱ መሃል የማይታይ ሞገድ በመስራት ያልቃል። ክዳኑ መርከብ ሁሉ ያስቆማል ለማለት ነው።

አሁን ከላይ ወደታች እንውረድ

ሁለት ፕሮፋይል አውርዱ፣ አንዱ ከካናዳ ቤዚን (ቤዚን ማለት የውቅያኖስ ጥልቅ ጎድጓዳ ነው)፣ ማለትም ከአላስካ በስተሰሜን፣ ሌላው ከስቫልባርድ በስተሰሜን ምስራቅ ካለው ናንሰን ቤዚን። ጎን ለጎን ስታዩዋቸው አንድ ውቅያኖስ አይመስሉም።

ካናዳ ቤዚን ላይ ጣታችሁን ጨዋማነቱ ላይ አድርጉና ውረዱ። ላዩ ላይ 30 እንኳ የማይሞላ ታገኛላችሁ፣ 27፣ 28። ቀጥ ብሎ የሚወርደው አጭር ክፍል ነፋስና ቅዝቃዜ የበጠበጡት ሽፋን ነው። ከዛ ጨዋማነቱ መጨመር ይጀምራል፣ ያዘነበለው ያ ረጅም ክፍል ሃሎክላይን ይባላል፣ ክዳናችን እሱ ነው፣ እዚህ 200 ሜትርና ከዛ በላይ ይደርሳል። አሁን አይናችሁን ወደ ሙቀቱ አሻግሩ። ጨዋማነቱ 31 ና 32 አካባቢ አንድ የሙቀት ጉብታ አለ፣ ያ በበጋ በቤሪንግ ሰርጥ የገባ የፓሲፊክ ውሃ ነው። 33 ላይ ሙቀቱ ተመልሶ ወደ -1.5 ይወርዳል፣ ያ ደግሞ በክረምት የገባው የፓሲፊክ ውሃ። ከዛ ወደ 400 ሜትር አካባቢ ጨዋማነቱ 34.8 ደርሶ ሙቀቱ ከዜሮ በላይ፣ አንድ ዲግሪ ሳይሞላ ይቆማል፣ ያ የአትላንቲክ ውሃ ነው፣ በፍራም ሰርጥ ገብቶ ውቅያኖሱን ዞሮ እዚህ እስኪደርስ ዓመታት የፈጀበት፣ ደክሞ የደረሰ።

ወደ ናንሰን ቤዚን ስትመጡ የፓሲፊኩ ሽፋን የለም። ላዩ 33፣ 34 ሆኖ ይጀምራል፣ ክዳኑ አጭር ነው፣ 100 ሜትር ገደማ ላይ ሙቀቱ ከበረዶው መስመር ሲላቀቅ ታዩታላችሁ፣ 200ና 250 ላይ አትላንቲኩ ገና ትኩስ ነው። እዚህ ያለው ክዳን ስስ ክዳን ነው። በሁለቱ ግራፎች ላይ ጨዋማነት 34 የሚሆንበትን ጥልቀት ብቻ ጽፋችሁ አወዳድሩ፣ እኔ አዲስ ፋይል ስከፍት መጀመሪያ የማደርጋት እሷን ናት፣ ሌላ ምንም ሳላሰላ።

ሙቀቱን ወደ በረዶ መመንዘር

ይሄኛው ክፍል በጣም ደስ ይለኛል ምክንያቱም ካልኩሌተር ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ሜትር ኪዩብ በረዶ 900 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎጁል ያስፈልጋል፣ ስለዚ አንድ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ በካሬ ሜትር 300 ሜጋጁል ይበላል። የባህር በረዶ ውስጥ ጨዋማ ውሃ ስላለ ትንሽ ይቀንሳል፣ እንተወው። በሌላ በኩል አንድ ሜትር ኪዩብ የባህር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4.1 ሜጋጁል ይሰጣል። ስለዚ 100 ሜትር ውፍረት ያለው ውሃ በአንድ ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 410 ሜጋጁል፣ ወደ 1.4 ሜትር በረዶ ያቀልጣል።

አሁን የናንሰን ቤዚኑን ፕሮፋይል ውሰዱ። ከ200 እስከ 500 ሜትር ያለውን ሽፋን፣ በአማካይ 1 ዲግሪ ነው እንበል፣ በረዶ ከሚሆንበት 2.9 ዲግሪ ከፍ ያለ። 300 ሲባዛ 2.9 ሲባዛ 4.1፣ ወደ 3570 ሜጋጁል። በበረዶ ስትመነዝሩት ወደ 12 ሜትር። ከላይ የተኛው የአርክቲክ በረዶ ግን ብዙው ከአንድ እስከ ሶስት ሜትር ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሙቀት ከስር ሆኖ በረዶው እስካሁን የኖረው ቅዝቃዜ ስላለ ብቻ አይደለም፣ ክዳኑ ነው ያኖረው። ከኤክሴል ውስጥ ትክክለኛውን መስራት ከፈለጋችሁ ለየሜትሩ ሙቀቱን ከበረዶው መስመር ቀንሱ፣ በ4.1 አባዙ፣ ደምሩ፣ አለቀ።

ዓመታትን ማወዳደር

እዚህ ጋ ነው ጨዋታው። ‘አርክቲክ እየተቀየረ ነው’ የሚለውን ሁሉም ሰው ይላል፣ የመስከረሙ በረዶ ከ1979 ጀምሮ በሳተላይት እየተለካ ነው፣ በ1980ዎቹ 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎሜትር ገደማ የነበረው በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወርዷል። ግን ስሩ ያለው ውሃ በሁሉም ቦታ በአንድ አቅጣጫ አልተቀየረም፣ ብዙ ጽሁፍ ይሄን ይዘለዋል።

በአትላንቲኩ በኩል ክዳኑ እየሳሳ ነው። ሰሜን ባረንትስ ባህር ላይ ድሮ ከማዕከላዊ አርክቲክ በረዶ እየተንሳፈፈ መጥቶ እዛ ይቀልጥና ቀጭን ውሃ ያለብሰው ነበር፣ የሚመጣው በረዶ ሲቀንስ ቀጭን ውሃው ቀነሰ፣ ክዳኑ ሳሳ፣ ከስር ያለው ሙቀት ወጣ፣ በረዶ ደግሞ ይበልጥ ቀነሰ። ክብ ነው። በ2017 የውቅያኖስ ተመራማሪው ፖልያኮቭና ባልደረቦቹ ይሄው ነገር ወደ ምስራቅ፣ ወደ ዩሬዥያ ቤዚን እየተስፋፋ እንደሆነ አሳዩ፣ ክረምት ላይ ውሃው እየተበጠበጠ አትላንቲኩ ድረስ መድረስ ጀመረ፣ አትላንቲፊኬሽን የሚለው ስም ከዛ ወዲህ ነው የተለመደው። የውሃው ጠባይ እየተቀየረ አትላንቲክ እየሆነ ነው ለማለት ነው።

ካናዳ በኩል ደግሞ ተቃራኒው ነው። እዛ ቦፎርት ጋይር የሚባል በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ የሚዞር ትልቅ ሽክርክሪት አለ፣ ነፋሱ ቀጭኑን ውሃ ወደ መሃል ይሰበስበዋል፣ በ2000ዎቹ ውስጥ የተጠራቀመው ቀጭን ውሃ በጣም ጨመረ። ክዳኑ ወፈረ። ግን እዛም የበጋ ፀሐይ ክፍት ውሃ ሲያገኝ ከላይ ራሱን ያሞቀዋል፣ ያ ሙቀት 20ና 30 ሜትር ላይ እንደ ትንሽ ጉብታ ተይዞ ይቀራል፣ በጋው አልፎ ነፋስ ሲነሳ ይወጣል። ስለዚ ‘ሙቀቱ ከየት መጣ’ ብላችሁ ስትጠይቁ በአንዱ ቤዚን ከታች፣ በሌላው ከላይ ነው።

ስታወዳድሩ አንድ መሳሪያ በተለያየ ወር የለካውን ወስዳችሁ ‘ተቀየረ’ አትበሉ፣ ምክንያቱም በረዶው ይዞት ሄዷል፣ ቦታው ተቀይሯል። በቦታ ምረጡ፣ ለምሳሌ በአንድ ዲግሪ ኬክሮስ ክልል ውስጥ፣ በወር ምረጡ፣ ሚያዝያን ከሚያዝያ ጋር። አንዳንዱ የመሳሪያ ተከታታይም ድንገት ይቆማል፣ በረዶው ሲሰነጠቅ ወይ ሲገፋፋ ይጨፈልቀዋል፣ ቀጣዩን ፋይል አትፈልጉ የለም።

እኔን የበሉኝ ስህተቶች

መጀመሪያ ዓመት ላይ ካናዳ ቤዚን ከ200 እስከ 300 ሜትር ያለው የሙቀት መስመር እየተቆራረጠ አስቸገረኝ፣ ትንንሽ ደረጃ ደረጃ ይሰራል፣ እኔ ሴንሰሩ ነው የሚንቀጠቀጠው ብዬ አማካይ አድርጌ አለሰለስኩት፣ ግራፉ በጣም አማረ። ለላብ ጓደኛዬ ሳሳየው ዝም ብሎ አየኝና ‘የት አደረግከው?’ አለኝ። ለካ ያ ደረጃ እውነተኛ ነገር ነው። ከስር ሙቅና ጨዋማ ከላይ ቀዝቃዛና ቀጭን ሲሆን ሙቀት ከጨው ወደ መቶ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚሾልክ ውሃው ራሱን እንደ ኮንሶ እርከን ይደረድራል፣ እያንዳንዱ እርከን ጥቂት ሜትር ውፍረት፣ በመሃላቸው የጥቂት መቶኛ ዲግሪ ዝላይ። አንዱ እርከን በመቶዎች ኪሎሜትር ተዘርግቶ ሊገኝ ይችላል። እርከኑ ካለ ደግሞ ውሃው ብዙ አልተበጠበጠም ማለት ነው፣ ስለዚ መረጃ ነው። በአንድ ሜትር አማካይ በተሰራው ፋይል ላይ በደንብ አይታይም፣ እርከን ማየት የፈለገ ጥሬውን፣ በየ25 ሳንቲሜትሩ ያለውን ያውርድ።

ግን እውነተኛ የሴንሰር ችግርም አለ። ጨዋማነት በቀጥታ አይለካም፣ ከኤሌክትሪክ ማስተላለፉና ከሙቀቱ ነው የሚሰላው፣ ሁለቱ ሴንሰሮች በአንድ ፍጥነት ካልመለሱ ሙቀቱ በፍጥነት በሚቀየርበት ቦታ ጨዋማነቱ ላይ ሹል እሾህ ይፈጠራል። እርከን ደረጃ ነው፣ እሾህ ወጥቶ ይመለሳል፣ በዓይን ትለዩታላችሁ። መርከብ ላይ አንዴ መለኪያውን ከውሃ አውጥተን ዴኩ ላይ ትንሽ አቆየሁት፣ አየሩ -20 ነበር፣ ጨው የሚለካበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ የቀረው ውሃ ረጋ። ቀጣዩ ልኬት ጨዋማነቱ ከላይ እስከታች ሸርተት ብሎ ወጣ። ያወቅነው ከታች ባለው ውሃ ነው፣ ጥልቁ ውሃ ከቀን ቀን አይቀየርም፣ እሱ ከተቀየረ የተቀየረው መሳሪያው ነው። እናንተም ተከታታይ ፋይሎች ስትከፍቱ የመጨረሻውን ጥልቀት ጨዋማነት አወዳድሩ፣ ከዘለለ ፋይሉን አትመኑት።

ከ2010 ወዲህ ሁለት ዓይነት ጨዋማነት አለ፣ የድሮው ዩኒት አልባውና አዲሱ በግራም በኪሎ የሚጻፈው። አዲሱ በ0.17 ገደማ ይበልጣል። የአንዱን ዓመት በድሮው የሌላውን በአዲሱ ከሳላችሁት ውቅያኖሱ ሲጨውባችሁ ታያላችሁ፣ ምንም ሳይጨው። እና አንድ ፕሮፋይል ብቻውን ሲያብድ፣ መሃል ላይ የማይጠበቅ ቀዝቃዛ እብጠት ሲታይ፣ አዙሪት ሊሆን ይችላል፣ አርክቲክ ውስጥ 10 ኪሎሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ብዙ ናቸው፣ መሳሪያው በላያቸው አልፎ ይሄዳል። የፊቱንና የኋላውን አምስት አምስት ፕሮፋይል እዩ።

ወደ ደቡብ ከሄዳችሁ

አንታርክቲካ ላይ የምትጠይቁት ሌላ ነው፣ ምክንያቱም እዛ የሚያሳስበው ከየብስ ወርዶ ባህር ላይ የተዘረጋው፣ በመቶዎች ሜትር የሚወፍረው በረዶ ነው፣ ትዌይትስና ፓይን አይላንድ የሚባሉት የበረዶ ግግሮች ጫፍ ላይ ያለው ዓይነት። ከስሩ የሚገባው ሙቅ ውሃ ከጥልቁ ነው የሚመጣው። የበረዶ መስመራችሁን እዛ ስትስሉ የጨውን ብቻ አትውሰዱ፣ ግፊትም በረዶ የሚሆንበትን ሙቀት ያወርደዋል፣ በየ1000 ሜትሩ 0.75 ዲግሪ ገደማ። ላይ ሆኖ በረዶ ሊሆን የደረሰ -1.9 ውሃ 1000 ሜትር ወርዶ በረዶ ቢነካ ያቀልጠዋል፣ እዛ ጥልቀት ላይ መስመሩ ወደ -2.65 ወርዷልና። ስለዚ ቀመሩ ላይ ጥልቀቱን በ0.00075 አባዝታችሁ ቀንሱበት፣ ከዛ ግራፉን እንደገና ሳሉት፣ ቅድም ‘ቀዝቃዛ’ ያላችሁት ውሃ ከመስመሩ በየት በኩል እንዳለ እዩት።